«ያድግበታል»፦ መስከረም በእናቶች መቀነት በኩል ሲታይ

ጳጉሜን ሲገባ በየቤታችን የማይቀር ሥራ አለ። ክረምቱን ሙሉ ከአልጋ ሥር የከረመው ሻንጣ ይጎተትና አምና የተለበሰው ዩኒፎርም ይራገፋል። ልጅ ይጠራል፤ እየተቁነጠነጠ ይለካል። እጅጌው ክንዱ ላይ ቀርቷል፣ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ወጥቷል። እናት ጨርቁን ገልብጣ ከታች የታጠፈውን ትፈልጋለች። እጥፋት ካለ ይፈታል፤ ከሌለ ልብሱ ለታናሽ ይተላለፋል። የተፈታው እጥፋት ዙሪያውን አንድ መስመር ይተዋል፤ ከመስመሩ በላይ ያለው ፀሐይና ሳሙና ያደበዘዘው ነው፣ ከመስመሩ በታች ያለው ገና የሱቅ ቀለሙን እንደያዘ ነው። ቀሚሷ ላይ ሁለት መስመር ያላት ልጅ በዚያ ቀሚስ ሦስት መስከረም ትምህርት ቤት ሄዳለች ማለት ነው።

ልብስ ስንገዛም ስናሰፋም የምንለው አንድ ቃል ነው፤ «ሰፋ ይበል፣ ያድግበታል።» እናቶቻችንም ይሉት ነበር። ባለፈው ነሐሴ ስብሰባችን ላይ የልጆችን የትምህርት ወጪ ስንነጋገር ይኸው ቃል ተነሣና ከትልልቆቹ አባሎቻችን እስከ ወጣቶቹ ድረስ እያንዳንዳችን የየራሳችንን መስከረም ማውራት ጀመርን። አጀንዳው ሳያልቅ መሸ፤ ቡናው ሦስተኛውን አልፎ ቀጠነ። የዚያን ዕለት የተወራውን፣ ከዚያም ወዲህ ያሰባሰብነውን እዚህ አስፍረነዋል። ጥያቄያችን ይህ ነበር፤ አበባ የሚፈነዳበትን፣ ልጆች የሚደሰቱበትን ወር እናቶች ለምን ይፈሩታል?

አስቀድመን ስለ ወቅቱ ስም እናንሣ። ዛሬ በሬዲዮውም በመጽሔቱም መስከረምን «ጸደይ» ማለት ተለምዷል። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ግን ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። መስከረም እስከ 25 ድረስ ክረምት ነው፤ ከ26 ጀምሮ መፀው ይገባል። የገጠር ሰው ደግሞ ሁሉንም ትቶ «ጥቢ» ይላል፤ ከገጠር የመጣነው አባላት በዚህ ስሙ እናውቀዋለን። ጥቢ ሲባል ለእኛ ሁለት ነገር አብሮ ይታየናል። ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኗል፣ ወንዙ ጠርቷል፣ ከብቱ ጠግቧል። ጎተራው ግን ባዶ ነው። ያለፈው ዓመት እህል በሰኔና በሐምሌ አልቋል፤ የዘንድሮው ጤፍ የሚታጨደው ኅዳር ነው። በመሃል ቤቱን የሚያቆየው ጎመን፣ ድንችና የጓሮ በቆሎ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ተረት የወጣው ከዚህ ጎመን የሰለቸ አፍ ይመስለናል።

ልጆች ግን ባዶ ጎተራን አያዩም፤ ልጅነታችንን ስናስታውስ እኛም አላየነውም ነበር። ጳጉሜን 3 ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው ተብሎ እየጮኽን ውጭ ወጥተን እንታጠብበት ነበር። ከመካከላችን ጎጃም ያደጉት በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ነቅለው ሲጎነጉኑ ያመሹ ነበር። አዲስ አበባ ያደግነው አበባየሆሽ እያልን ሰፈር ለሰፈር ዞረናል። ወንድሞቻችን በማለዳ ተነሥተው በቀለም የሣሉትን አበባና መልአክ በየቤቱ አድለዋል። የተገኘውን ሳንቲም እናቶቻችን «ላስቀምጥልሽ» ብለው ይወስዱት ነበር። ይህን ያነሣች አባላችን ገና ሳትጨርስ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ሁላችንም ያ ሳንቲም የት እንደገባ ስንጠይቅ ኖረናልና። አሁን መልሱን እናውቃለን። ደብተር ሆኗል።

በቀድሞ ዘመን ትምህርትና መስከረም እንዲህ የተጣበቁ አልነበሩም። የቄስ ትምህርት የመክፈቻ ቀን የለውም፤ ልጅ ለነገር ሲደርስ በማንኛውም ወር ወደ የኔታ ይወሰዳል። ዩኒፎርም የለም፣ ጫማ የለም፤ ፊደል የተጻፈበት ገበታና የሚቀመጡበት ድንጋይ ይበቃል። ለየኔታ የሚሰጠው ጥቂት ሳንቲም፣ በዓል ሲሆን ደግሞ ዳቦ ነው። እናት ስትችል ትሰጣለች። ልጁ ለከብት ጥበቃ ከተፈለገ ይቀራል፣ ሲመለስ ካቆመበት ፊደል ይቀጥላል። ሴት ልጅ እዚያ ድንጋይ ላይ የምትገኘው አልፎ አልፎ ነበር። ስለዚህ የዱሮው ጥሩ ነበር ለማለት አይደለም፤ ክፍያው ግን በአንድ ቀን አይወድቅም ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ቀንና ደወል ይዞ መጣ። ለሴቶች ልጆች ከተከፈቱት ቀደምቶች አንዱ በ1920ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ በእቴጌ መነን የተቋቋመው ነው፤ የገቡት ግን በአብዛኛው የመኳንንትና የባለ ሥልጣን ልጆች ነበሩ። በ1928 ጣሊያን ሲገባ ሁሉም ተቋረጠ፤ ከ1933 በኋላ እንደገና ተጀምሮ በየአውራጃው ከተማ ተስፋፋ። የዝናቡ ወራት ዕረፍት፣ የአዲሱ ዓመት መባቻ መክፈቻ ሆነ። ለከተማ ደመወዝተኛ ይህ ያስኬዳል፤ መንገዱ ይደርቃል፣ ዓመቱም ትምህርቱም አብረው ይጀምራሉ። ለገበሬ ቤት ግን ከሁሉ የከፋው ወር ነው። ገንዘብ የሚገኘው እህል ሲሸጥ፣ ማለትም ከታኅሣሥና ከጥር ወዲህ ነው። ያም ሳይበቃ ልጁ የሚፈለግበት ጊዜ ነው፤ ከብቱ ቡቃያ እንዳይገባ ይጠበቃል፣ ማሽላው ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ይባረራል። ደወሉ ሲደወል ልጁ ማማው ላይ ነው። ከአባሎቻችን ሦስቱ ትምህርት የጀመሩት በየዓመቱ ኅዳር ላይ እንደነበር ነግረውናል፤ እስከዚያ ድረስ የክፍል ጓደኞቻቸው ብዙ ርቀው ይቆዩዋቸው ነበር።

ከተማ ቤተሰብ ዘንድ እህሉ በወጪ ተተካ። መስከረም አንድ ቀን በዓል ነው፤ ዶሮው፣ ቅቤው፣ ቄጤማው አለ። ከዚያ በሁለት ሳምንት መስቀል ይደርሳል፤ ከጉራጌ አገር ለመጡ ቤተሰቦቻችን ይህ ማለት አገር ቤት መግባት፣ የመኪና ክፍያ፣ ለእናት ለአባት ስጦታ፣ ክትፎ ማለት ነው። በሁለቱ በዓላት መካከል ትምህርት ቤት ይከፈታል። በ2009 ደግሞ እንቁጣጣሽ እሑድ ውሎ አረፋ በማግስቱ ሰኞ ስለሆነ፣ ሙስሊም አባሎቻችንም ከእኛ ጋር በአንድ ገበያ፣ በአንድ የበግ ዋጋ ተጋፉ። አንዷ እህታችን ያን ሰሞን «በጉን ልግዛ ወይስ ቦርሳውን?» ብላ ነበር። ቦርሳውን ገዛች፤ በጉን ከአማቷ ቤት በሉ።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ከልጆች መካከል መምረጥ ይመጣል። ስብሰባችንን ዝም ያሰኘው ይህ ነበር። ከሁላችንም በዕድሜ የምትበልጠው አባላችን የ1950ዎቹን መስከረም አወራችን። ቤታቸው ውስጥ ለአንድ ልጅ ብቻ የሚሆን የካኪ ጨርቅና አንድ ጥንድ ኮንጎ ጫማ ተገዛ። ወንድሟ ታናሿ ነበር፤ ልብሱ ለእሱ ተሰፋ። እሷን «አንቺ ዘንድሮ እናትሽን እርጂ፣ በሚቀጥለው መስከረም» አሏት። በሚቀጥለውም እንዲሁ ተባለ። ሦስተኛው መስከረም ላይ መጠየቅ ተወች። እናቷን ግን አትወቅስም። «የኔን ቀሚስ ሰፋ አድርጋ አሰፍታልኝ ነበር» ትላለች፤ «ያድግባታል ብላ። አደግሁበትም፣ ጉድ ጉድ ስል ማጀት ውስጥ።»

ከዚያ የመጣውን ሁላችንም በየፊናችን እናስታውሳለን። በ1967 እንቁጣጣሽ በዋለ ማግስት፣ መስከረም 2፣ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል፣ የዩኒቨርሲቲም ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ፤ ቁጥራቸው 60 ሺህ ገደማ ይባላል። ብዙ እናቶች ያን ዓመት ሻንጣ የከፈቱት ለዘማች ልጅ ጋቢ ለመክተት ነው። ቀጥሎ የመጡትን ዓመታት፣ ሻንጣው ተከፍቶ የሚለበስበት ልጅ የታጣበትን መስከረም፣ በስብሰባችን ማንም አላነሣም፤ እኛም እዚህ አንነሣውም። የሚያውቅ ያውቀዋል።

መስከረም 2 የአብዮት በዓል ሆነና ወሩ ላይ ሌላ ግዴታ ተጨመረ። ልጆች ለሰልፍ ይሰለጥናሉ፤ እኛም ከ1972 ወዲህ በአኢሴማ በኩል እንሰለፋለን። በ1977 አሥረኛው ዓመት ሲከበር አዲስ አበባ በመብራትና በባንዲራ አጌጠች፤ ወሎና ትግራይ ላይ ግን ረሃቡ ሰው ይጨርስ ነበር። ያን ዓመት ጥቢ ያልደረሰላቸው ሰዎች ልጆች ዛሬ ከመካከላችን አሉ።

ከዚያ ዘመን አንድ ነገር ግን ያ «በሚቀጥለው መስከረም» የተባለችው አባላችን አትረሳውም። በ1971 ሐምሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀበሌዋ ጠራት። ሁለት ልጆች ወልዳ ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጆቿን ለጎረቤት ትታ እየሄደች ፊደል ቆጠረች፤ ክረምቱ ሲያልቅ ስሟን ትጽፍ ነበር። መስከረም ላይ ትልቋ ልጇ አንደኛ ክፍል ገባች። ማታ ማታ በአንድ ኩራዝ እናትና ልጅ አብረው ያጠኑ ነበር፤ ደብተሩም አንድ ነበር፣ ከፊት የልጅ፣ ከኋላ የእናት። መሃል ላይ ሲገናኙ ሌላ ደብተር መግዛት ግድ ሆነ። የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ደብተር ያመጣው ከስንት ቀን ሰልፍ በኋላ እንደነበር ስትነግረን እየሳቀች ነው።

በሚያዝያ 1986 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ እንዲማሩ አደረገ። ትልቅ ነገር ነበር፤ ግን ሻንጣውን አላዘጋውም። ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ፣ ጫማው፣ ቦርሳው በወላጅ ላይ እንዳለ ቀረ። ያኔ ነው ሰልባጅ የታደገን። መርካቶ ክምሩ ሥር ተንበርክከን የልጅ ሹራብ የለየን እናቶች ብዙ ነን፤ ዓይናችን ከሩቅ የልኩን የሚያውቅ፣ እጃችን ግን ሁልጊዜ አንድ ቁጥር የሚበልጠውን የሚያነሣ። ዩኒፎርሙን ደግሞ በየበረንዳው ሲንጀር ይዘው የተቀመጡ ልብስ ሰፊዎች ይሠሩልናል። ደህና ልብስ ሰፊ ሳይነገረው ከታች አራት ጣት ያጥፋል።

በመስከረም 2012 የአዲስ አበባ አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ መስጠት፣ የምገባ ፕሮግራምም መጀመር ያዘ። ይህን ለሚያነቡ ደጋፊዎቻችን ያ መስከረም ለእኛ ምን እንደነበር በቃል ማስረዳት ይከብደናል። ቁርሱ ከዩኒፎርሙም በለጠ፤ ልጅ ሳይበላ ሄደ እያሉ ከሰዓት በፊት ሥራ መሥራት አይቻልምና። የተሰፋው በጅምላ ስለነበር እጥፋቱ ጠባብ ነበር፤ ይህን ያማረረች እናት ካለች ግን ድምፅዋን አልሰማንም። በዚያው ዓመት መጋቢት ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መስከረም 2013 አደይ ፈነዳ፣ ደወል ግን አልተደወለም። ልጆች ቤት ውስጥ አደጉ። ትምህርቱ ከጥቅምት ወዲህ በየተራ ሲጀመር ስድስት ወር ብቻ የተለበሰው ልብስ አዲስ እንደሆነ ጠቦ ተገኘ። በዚያ ኅዳር ማኅበራችን ቢሮ ውስጥ ዩኒፎርም እየተቀያየርን ዋልን፤ የአንዷ ልጅ የለቀቀውን የሌላዋ ልጅ ለበሰው። ከዚያ ጀምሮ መቀያየሩ ልማድ ሆኗል።

እናቶች ይህን ወር እንዴት ሲሻገሩት ኖሩ ከተባለ መልሱ እቁብ ነው። የእቁብ ሕግ ዕጣ ነው፤ ለማን እንደሚወጣ አይታወቅም። የሴቶች እቁብ ግን ነሐሴ ላይ ሲደርስ ዕጣው ትንሽ ይለሳለሳል። ልጅ ያላደረሰች «የእኔ ለመስቀል ይሁንልኝ» ትላለች፣ የወጣላት ለሌላዋ ትለቃለች፣ ተራ ይቀያየራሉ። ጉራጌ አገር እናቶቻችን ለመስቀል ቅቤውን እንዲሁ በእቁብ ያጠራቅሙ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ በየተራ። በመዝገብ ያልተጻፈ ሕግ ነው፤ ሆኖም አጥፍታ የተገኘችን አናውቅም።

ማኅበራችን የተመሠረተው ከእንዲህ ያለ እቁብ ነው። ሲያድግ ግን አንድ ስሕተት ሠራን፤ በግልጽ እንናገረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለልጆች የትምህርት ዕቃ የሚሆን ድጋፍ ከአንድ ደጋፊ ተፈቀደልን። ደስ አለን፤ ደስታችን አሳሳተንና የነሐሴውን ቁጠባ ለሌላ ሥራ አዋልነው። የደጋፊው በጀት የሚከፈተው በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ነበር። ገንዘቡ እጃችን የገባው በየካቲት ነው። ማንም አልዋሸን፣ ማንም አልካደን፤ ወረቀቱ ላይ ቀኑ ተጽፎ ነበር፣ እኛ አላስተዋልነውም። በየካቲት ደብተርና ቦርሳ ስናድል ሁለት ልጆች ሲጠሩ አልቀረቡም። እናቶቻቸው መስከረምን መሻገር አቅቷቸው ሰው ቤት ቀጥረዋቸው ነበር። አንደኛዋ በሚቀጥለው ዓመት ተመለሰች። ሁለተኛዋ እስካሁን አልተመለሰችም። ቦርሳዋ ቢሮአችን መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት ቆይቶ ለሌላ ልጅ ተሰጠ፤ የሰጠነው እያቅማማን ነው።

ያን ጊዜ ያቺ ትልቋ አባላችን የተናገረችው ነገር የማኅበራችንን አሠራር ለውጦታል። «ለእኔም መስከረም አለፈኝ» አለች፤ «ልጅ ጥር ላይ አትመዘገብም።» ከዚያ ወዲህ የመስከረም ሣጥን የሚባል ቁጠባ አለን። ከጥር ጀምሮ፣ እህልም ሥራም በሚሻልበት ጊዜ፣ ሁላችን በየወሩ እናስቀምጣለን፤ ነሐሴ 25 ይከፈታል። ለሌላ ሥራ አይነካም፣ ለሊቀመንበሯም ቢሆን። ከደጋፊዎች የሚመጣው ድጋፍ በኋላ ሲደርስ ሣጥኑን መልሶ ይሞላል። ደጋፊዎቻችንም ይህን ሲረዱ ሁለቱ የሚልኩበትን ጊዜ ወደ ሰኔ አዛውረውልናል። የቀሩትንም በዚህ ጽሑፍ እንጠይቃለን፤ መጠኑ ያው ይሁን፣ ቀኑ ግን ከጳጉሜን በፊት።

ዘንድሮ ሣጥኑ ሲከፈት የ41 ልጆች ስም ተጠራ። ከእነሱ አንዷ የዚያች አባላችን የልጅ ልጅ ናት፤ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። አያቷ ጳጉሜን ላይ ዩኒፎርሟን ገልብጣ ብትፈልግ የሚፈታ እጥፋት አልተረፈም። ወደ ልብስ ሰፊው አብረን ሄድን። ልጅቷ በልኳ ይሁን ብላ ለመነች፤ ጓደኞቿ እንዳይስቁባት። አያቷ ትንሽ አሰበችና ልብስ ሰፊውን ቀና ብላ አየችው።

«አራት ጣት አጥፋላት» አለች።